ቃልና ቀንበር

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአበው ብሂል ቃልን ከሥጋና ከደም በላይ ያስቀምጠዋል። ጨካኝ ብሂል ነው፤ ግን ግልጽ ነው። ግልጽነቱ የሚደበዝዘው አንድ ሰው ለሁለት ወገን ሁለት ቃል ሰጥቶ በተገኘ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን ሳያፈርስ የማይቆም ቢሆን የትኛው ይጥፋ? ይህ ጥያቄ ፈላስፎች ለክርክር ማሟሟቂያ የፈጠሩት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ብሪታንያን ያስተዳደረው ጥምር መንግሥት፣ በተለይም የጥምረቱ ታናሽ ወገን የነበረው የሊብራል ዴሞክራት ፓርቲ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል ኖሯል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከ2010 ምርጫ በፊት የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በፎቶግራፉ ላይ የፓርቲው መሪ ኒክ ክሌግ እና በካምብሪጅ ከተማ የፓርቲው እጩ የነበረው ሳይንቲስት ጁሊያን ሃፐርት ጎን ለጎን ቆመው፣ የተፈረመበትን ወረቀት ለካሜራው ዘርግተው ይታያሉ። ወረቀቱን ያዘጋጀው የአገሪቱ ብሔራዊ የተማሪዎች ማኅበር ነው። ይዘቱ አጭር ነው፤ ፈራሚው ለምክር ቤት ቢመረጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍያ እንዲጨመር የሚቀርብለትን ማንኛውንም ሐሳብ በድምፁ እንደሚቃወም፣ መንግሥትም ከዚያ የተሻለ ፍትሐዊ መንገድ እንዲፈልግ እንደሚገፋፋ ቃል ይገባል። በዚያ ምርጫ አሸንፈው ምክር ቤት የገቡት 57ቱ የፓርቲው እንደራሴዎች በሙሉ ይህን ቃል ፈርመዋል።

ምርጫው የተካሄደው ሜይ 6 ቀን 2010 ነበር። ወግ አጥባቂው ፓርቲ 306፣ የሠራተኛው ፓርቲ 258፣ ሊብራል ዴሞክራቶቹ 57 መቀመጫ አገኙ። 650 መቀመጫዎች ባሉት ምክር ቤት ብቻውን ለመግዛት 326 ያስፈልጋልና ማንም ብቻውን ሊቆም አልቻለም። ሊብራል ዴሞክራቶቹ ከመራጩ ሕዝብ ድምፅ ሃያ ሦስት በመቶ ያህል አግኝተው ሳለ የደረሳቸው መቀመጫ ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም፤ ይህም የአገሪቱ የምርጫ ሥርዓት ውጤት ነው፣ ፓርቲው ዘመኑን ሁሉ ሲያማርረው የኖረ። ከአምስት ቀን ድርድር በኋላ ዴቪድ ካሜሮን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ክሌግ ምክትሉ ሆነ። በማግሥቱ ሁለቱ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ጀርባ ባለው የጽጌረዳ አትክልት ሥፍራ ጎን ለጎን ቆመው ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ሲቀላለዱና ሲሳሳቁ የተመለከተ ሁሉ ነገሩን ከሠርግ ጋር አመሳሰለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አገሪቱ እንዲህ ያለ መንግሥት አይታ አታውቅም ነበር።

የሠርጉ ምሳሌ ግን የሚያሳስት ይመስላል። ተጋቢዎች ቢያንስ በንድፈ ሐሳብ አንድ ሥጋ ይሆናሉ። ለዚህ ዓይነቱ ኅብረት በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ሌላ ነው፤ እሱም መቀናጆ ነው። አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። ፍቅር አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ሁለት ነገር ነው፦ የበሬዎቹ ቁመትና ጉልበት መመጣጠን፣ የተራው መከበር። አንዱ በሬ ከሌላው እጅግ የገዘፈ ከሆነ ቀንበሩ ያዘነብላል፤ የሚቆስለውም የትንሹ አንገት ነው። ዝናቡ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የማን ማሳ ይታረስ የሚለው ደግሞ ስንቱን ጎረቤት አለያይቷል። የዚያ ጥምር መንግሥት የአምስት ዓመት ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ዙሪያ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

በጥምረቱ ውስጥ አለመግባባት ሲነሣ የሚፈታው በአራት ሰዎች ዘንድ ነበር፤ ካሜሮንና የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን ከአንዱ ወገን፣ ክሌግና ምክትል የገንዘብ ሚኒስትሩ ዳኒ አሌክሳንደር ከሌላው ወገን። ቁጥሩ ሁለት ለሁለት ነው፤ እኩልነት ይመስላል። ከአራቱ ክፍል ውጪ ግን ለአንዱ ወገን ከሦስት መቶ በላይ፣ ለሌላው ሃምሳ ሰባት እንደራሴ ይጠብቀው ነበር። ከክፍሉ ከተወጣ በኋላ ደግሞ የጋራ ኃላፊነት የሚባለው የቆየ ልማድ ይሠራል፦ በውስጥ ተከራከር፤ በውጪ በአንድ አፍ ተናገር። ተውኔት ጸሐፊው ጄምስ ግሬም ይህን የጥምረት ምሥረታ በ2015 በቴሌቪዥን ድራማ ማቅረቡ አያስገርምም። እውነተኛው ትዕይንት ያለው በምክር ቤቱ አዳራሽ ሳይሆን በሩ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ነውና።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና ብዙ አልዘገየም። የትምህርት ክፍያን ጉዳይ እንዲያጠና ቀደም ሲል በሠራተኛው ፓርቲ መንግሥት የተሰየመው፣ በሎርድ ብራውን የተመራው አጣሪ ቡድን በኦክቶበር 2010 ሪፖርቱን አቀረበ። መንግሥትም የዓመቱን ክፍያ ጣሪያ ከ3,290 ፓውንድ ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ የሚያደርግ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሐሳቡን ለምክር ቤት ማቅረብ የደረሰው ከሊብራል ዴሞክራቶቹ አንዱ በሆነው በንግድ ሚኒስትሩ በቪንስ ኬብል ላይ ነው። የተቃወሙ ተማሪዎች በምክር ቤቱ ዙሪያ ከፖሊስ ጋር በሚጋጩበት ዕለት፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2010፣ ሐሳቡ በ323 ድምፅ ለ302 አለፈ። ከ57ቱ ፈራሚዎች 28ቱ ደገፉ፤ 21ዱ ተቃወሙ፤ 8ቱ ድምፃቸውን አቀቡ ወይም አልተገኙም። ከተቃወሙት መካከል ሁለቱ የቀድሞ የፓርቲው መሪዎች ቻርልስ ኬኔዲና ሜንዚስ ካምቤል ነበሩ። ከፎቶግራፉ ሁለት ሰዎች ክሌግ ደገፈ፤ ሃፐርት ተቃወመ።

ለደጋፊዎቹ የሚቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው። ምርጫውን አላሸነፍንም፤ ስድስት መቶ ሃምሳ ሰዎች ባሉበት ምክር ቤት ሃምሳ ሰባት ሰው የልቡን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም፤ ጥምረት ማለት መስጠትና መቀበል ነው ይላሉ። መከላከያው ፓርቲው በምርጫ ማኒፌስቶው ለዘረዘራቸው ነገሮች ሁሉ ልክ ነው። ማኒፌስቶ «ሥልጣን ከያዝን እንዲህ እናደርጋለን» የሚል በሁኔታ የታሰረ ቃል ነው። ሥልጣኑ ካልመጣ ወይም በግማሽ ከመጣ ቃሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መራጩም ይህን ያውቃል።

የተማሪዎቹ ወረቀት ግን ማኒፌስቶ አልነበረም። ክፍያውን እናስቀራለን አላለም፤ ድምፄን እንዲህ እሰጣለሁ ነው ያለው። «ዳኛ ብሆን በነፃ እለቅሃለሁ» ባለ ሰውና «በአንተ ላይ አልመሰክርም» ባለ ሰው መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዳኛ ሳይሆን ቢቀር ማንም አይወቅሰውም። ሁለተኛው ግን ቃሉን ለመጠበቅ ሹመት አያስፈልገውም፤ የገዛ አፉ ይበቃዋል። በተቃዋሚ ወንበር ቢቀመጥም፣ በሚኒስትር ወንበር ቢቀመጥም፣ አፉ የእርሱ ነው። ስለዚህ «አቅም አጣን» የሚለው ምክንያት ለዚህ ቃል አይሠራም። አቅም የማይጠይቅ ቃል ነበርና፤ የገባውም በአደባባይ፣ በፊርማ፣ ለካሜራ ተዘርግቶ ነው።

በሴፕቴምበር 2012 ክሌግ በቴሌቪዥን ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ቀረጻው በጥቂት ቀናት ውስጥ በቀልደኞች እጅ ዜማ ተሰጥቶት ዘፈን ሆነ፤ አገር ሳቀበት። ከሳቁ በስተጀርባ ያለውን ነገር ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው። ክሌግ ይቅርታ የጠየቀው ቃሉን ስላፈረሰ ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም ሊፈጸም መቻሉን ሳያረጋግጥ ቃሉን ስለገባ ጭምር ነበር። ይህ ረቂቅ ነገር ነው። ጥፋቱን ከዲሴምበር ወር ወደ ምርጫው ዘመቻ ወደ ኋላ ያሸጋግረዋል፤ ከአፍራሽነት ወደ ቸኳይነት ይለውጠዋል። ቸኳይ ሰው ይወደዳል እንኳ። ነገር ግን ሊፈጸም የማይችል ቃል የቱ ነበር? ቃሉ ድምፅ መስጠት ብቻ ከሆነ፣ 21 ባልደረቦቹ በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ ፈጽመውታል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ውስጥ፣ እንደማይከፍል እያወቀ እከፍላለሁ ብሎ ገንዘብ የሚበደርን ሰው ያነሣል። እንዲህ ያለ ሰው ልማዱ የሁሉ ልማድ ቢሆን ቃል የሚባል ነገር ራሱ ይጠፋል ይላል። ይህ ምሳሌ ከክሌግ ጋር ይገናኛል ወይ የሚለው እስከ ኖቬምበር 2010 ድረስ የሐሜት ጥያቄ ነበር። በዚያ ወር አንድ ሰነድ ይፋ ሆነ፤ በማርች 2010፣ ማለትም ከምርጫው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ አሌክሳንደር ይመራው የነበረው የፓርቲው የድርድር ዝግጅት ቡድን፣ ምናልባት ጥምረት ቢመጣ ስለ ትምህርት ክፍያ መቅረት እንዳይሟገቱ መክሯል። ሰነዱ ቃሉን እናፍርስ አላለም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ቢሆንም መሪዎቹ በአንድ እጃቸው ወረቀቱን ለፎቶግራፍ ሲዘረጉ በሌላ እጃቸው ለዚሁ ጉዳይ እንደማይዋደቁ ጽፈው አስቀምጠው ነበር። ካንት የሚለው ተበዳሪ ባይሆኑም ከቤቱ ብዙም አይርቁም።

ለ28ቱ ፍርዱ ይህን ያህል ቀላል ይሁን? አይሁን። ማክስ ዌበር በ1919 ባሳተመው ስለ ፖለቲካ ሙያ በተናገረው ንግግር ሁለት ዓይነት ሥነ ምግባር ይለያል፤ አንዱ የእምነትን ንጽሕና ብቻ የሚጠብቅ፣ ሌላው የሥራን ውጤት የሚሸከም። ኬብል አቅዱ ከነበረው የተሻለ መሆኑን ያምን ነበር። ተመራቂው ብድሩን መክፈል የሚጀምረው የዓመት ገቢው 15,000 ፓውንድ ሲደርስ የነበረው፣ በአዲሱ ሥርዓት 21,000 ሲደርስ ሆነ። ፓርቲው በጥምረቱ ውስጥ በመቆየቱ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ በጀት፣ ለዝቅተኛ ደመወዝተኞች የግብር እፎይታ፣ በ2014ም ለትንንሽ ክፍል ተማሪዎች ነፃ ምሳ ማስገኘቱ እውነት ነው። ንጹሕ እጅ ይዞ ከደጅ ከመቆም በትንሹም ቢሆን ቆሽሾ ምሳ ማስገኘት ይሻላል የሚል ሰው የሚናቅ አይደለም።

ግን እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ማስላት ይገባል፤ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ከፈላስፋ ይበልጣልና። ሁለቱ ፓርቲዎች የተፈራረሙት የጥምረት ውል ራሱ፣ በዚህ ጉዳይ ሊብራል ዴሞክራቶቹ ድምፃቸውን ማቀብ እንዲችሉ በግልጽ ፈቅዶ ነበር። 57ቱም ቢያቅቡ ኖሮ ውጤቱ 295 ለ281 ይሆን ነበር፤ ሐሳቡ ያልፋል። 57ቱም ቃላቸውን ሙሉ በሙሉ ጠብቀው ቢቃወሙ ኖሮ ደግሞ 295 ለ338 ሆኖ ይወድቃል። ስለዚህ ለተጣማጁ የሰጡት ቃል ድጋፍን አልጠየቃቸውም። ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን ቃል በግማሽ እንዲያከብሩ የሚያስችል በር ትቶላቸው ነበር፤ ማቀብ መቃወም ባይሆንም መደገፍም አይደለም። በሩን የዘጉት ራሳቸው ናቸው። ሚኒስትሮቹ መንግሥት መሆናቸውን፣ የከባድ ውሳኔ ሰዎች መሆናቸውን ለማሳየት ፈለጉ፤ ሕጉን ያቀረበ ሚኒስትር በገዛ ሕጉ ላይ ዝም ማለቱ አሳፋሪ መስሎ ታያቸው። ትንሹ በሬ ከትልቁ እኩል መጎተቱን ለማሳየት አንገቱን አቆሰለ፤ ያን ያህል ጎትት ያለው አልነበረም።

ትልቁ ወገንስ ቃሉን ጠበቀ? ሊብራል ዴሞክራቶቹ ከጥምረቱ የጠበቁት ትልቁ ዋጋ የምርጫ ሥርዓት ለውጥ ነበር። ወግ አጥባቂዎቹ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ተስማሙ፤ ለውጡን ለመቃወም ግን ነፃነታቸውን ጠበቁ። በሜይ 5 ቀን 2011 ከድምፅ ሰጪው 67.9 በመቶው ለውጡን አልቀበልም አለ። የተቃውሞው ዘመቻ በራሪ ወረቀቶች የክሌግን ፎቶግራፍና የፈረሰ ቃሉን ለማስፈራሪያ ተጠቀሙበት። አብሮት የሚያርሰው ጎረቤቱ የተከሰሰበትን ጥፋት፣ አብሮ የሠራውን ጥፋት፣ መልሶ ለመምቻ መጠቀሙ ነው። በመድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢጻፍ ተመልካች የተጋነነ ነው ይላል።

ቀጥሎ የመጣው የሎርዶች ምክር ቤት ጉዳይ ነው። አባላቱ በአብዛኛው በምርጫ እንዲመጡ የሚያደርገው ረቂቅ ሕግ በጁላይ 10 ቀን 2012 በ462 ለ124 ድምፅ የመጀመሪያውን ትልቅ ፈተና አለፈ። ይሁን እንጂ 91 ወግ አጥባቂ እንደራሴዎች የገዛ መንግሥታቸውን ተቃውመው ነበርና ረቂቁ ከዚያ ወዲያ መራመድ አልቻለም። ኦገስት 6 ቀን ክሌግ ረቂቁ መተዉን አስታውቆ፣ በአጸፋው ፓርቲው የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚያሻሽለውንና ወግ አጥባቂዎቹ የጓጉለትን አቅድ እንደማይደግፍ ተናገረ። ያን አቅድ የሚያዘው ሕግ በ2011 ሲወጣ ደግፈውት የነበሩ የእርሱ ሰዎች ናቸው። በጃንዋሪ 29 ቀን 2013 ሚኒስትሮች ከሚኒስትሮች ተለይተው በተቃራኒ አዳራሽ አለፉ፤ አቅዱ በ334 ለ292 ቆመ።

ይህ በቀል ነው ወይስ ፍትሕ? ወግ አጥባቂዎቹ የወሰኑ ጉዳይ የሕዝበ ውሳኔው ዋጋ ነበር፤ ሕዝበ ውሳኔውም ተደርጓል፤ ዕዳችንን ከፍለናል ይላሉ። ሌሎቹ ውሉ አንድ ሙሉ ነገር ነው፤ አንዱን ገጽ የቀደደ ሌላውን ገጽ አንብቡልኝ ሊል አይችልም ይላሉ። ወደ ውሉ ፊደል ካየን የመጀመሪያዎቹ የተሻለ ነገር አላቸው። ወደ ውሉ መንፈስ ካየን ሁለተኞቹ። ሳይታሰብ የሚታለፈው ግን ይህ ነው፦ 91ዱ ወግ አጥባቂዎችም በጥምረቱ ስምምነት ውስጥ የተጻፈን ነገር አፍርሰዋል፤ ስማቸውን ግን ዛሬ የሚያነሣ የለም፤ ዘፈንም አልወጣላቸውም። የትልቅ ወገን ቃል ማፍረስ የአሠራር ጉዳይ ተብሎ ያልፋል። የትንሹ ግን የጠባይ ጉዳይ ይሆናል፤ ከቃሉ ሌላ ብዙ ንብረት የለውምና።

እንዲህ ያለውን ውጥረት ለማርገብ ብሪታንያ ቀደም ሲል ሌላ ዘዴ ሞክራ ነበር። በ1931 የሠራተኛው ፓርቲ መሪ ራምሴ ማክዶናልድ ከወግ አጥባቂዎችና ከሊብራሎች ጋር ብሔራዊ መንግሥት ሲመሠርት ከገዛ ፓርቲው ተባረረ። በጃንዋሪ 1932 ካቢኔው በቀረጥ ጉዳይ ሊስማማ ባለመቻሉ ሚኒስትሮቹ በአደባባይ እንዲለያዩ፣ በሥራ ግን አብረው እንዲቆዩ ተስማማ። ነገሩ ሐቀኛ ነበር፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የሊብራሎቹ መሪ ኸርበርት ሳሙኤልና አብረውት የነበሩት ወጡ። ያ ብሔራዊ መንግሥት፣ በስም ጥምር በግብር የወግ አጥባቂዎች ሆኖ፣ ለኢትዮጵያውያን በሌላ ነገር ይታወሳል፤ በዲሴምበር 1935 የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለጣልያን የሚቆርስ ዕቅድ ከፈረንሳይ ጋር የመከረው እርሱ ነው። ካቢኔው ዕቅዱን በጋራ ተቀብሎ ሳለ፣ ምስጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ወጥቶ የአገሩ ሕዝብ ሲቆጣ ወንበሩን የለቀቀው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ብቻ ነበር። የጋራ ኃላፊነት የሚባለው ነገር በመከራ ቀን የአንድ ሰው ኃላፊነት ሆኖ ይገኛል።

በሜይ 7 ቀን 2015 ምርጫ የሊብራል ዴሞክራቶቹ መቀመጫ ከ57 ወደ 8 ወረደ። ካጧቸው 49 መቀመጫዎች 27ቱን የወሰደው የአምስት ዓመት ተጣማጃቸው ወግ አጥባቂው ፓርቲ ነው። ክፍያውን ከፍ ለማድረግ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ የሰጠው ወገን ብቻውን ለመግዛት በቃ። ኬብል ወደቀ፤ አሌክሳንደርም ወደቀ። ከዚያም አልፎ፣ ከነበሩበት ቦታ ቃላቸውን የጠበቁት ኬኔዲና ሌሎችም ወደቁ። ከተረፉት ስምንቱ አራቱ በ2010 ክፍያውን የደገፉ፣ አራቱ የተቃወሙ ናቸው፤ እኩል በእኩል። መራጩ ሕዝብ ማን ቃሉን እንደጠበቀ፣ ማን እንዳፈረሰ አልለየም፤ ወይም ለመለየት ጊዜ አልነበረውም።

ከፎቶግራፉ ሁለት ሰዎች፣ ቃሉን ያፈረሰው ክሌግ በሼፊልድ ከተማ ወንበሩን ይዞ ቆየ፤ ያጣው በ2017 ነው። ቃሉን የጠበቀው ሃፐርት የተማሪዎች ከተማ በሆነችው ካምብሪጅ በ599 ድምፅ ተሸነፈ።

በምርጫው ማግሥት ክሌግ የፓርቲውን መሪነት ለቀቀ። በእርሱ ቦታ ለመተካት ከስምንቱ መካከል ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ፤ ኖርማን ላምብ በዚያ የዲሴምበር ቀን ክፍያውን ከደገፉት፣ ቲም ፋሮን ከተቃወሙት ነበር። የፓርቲው አባላት በጁላይ 2015 ፋሮንን መረጡ።